የሰማይ ዋስ

የዚያችን ከተማ ስም ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፤ መንገዱን የሚያውቁት ከዚያ የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ተመልሶ የሚሄድ ደግሞ አላየሁም። ከፊቷ ሐይቅ፣ ከጀርባዋ ጋራ፣ ከጋራው ማዶ በረሃ ነበረባት። እኔም ጥቂት ዘመን ኖሬባታለሁና ያየሁትን እንዳየሁት እናገራለሁ፤ ማመኑ የእናንተ ፋንታ ነው።

በዚያች ከተማ ያለ ዋስ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሙሽራ ሲያገባ እንደማይፀፀት ዋስ ይጠራል። አህያ ገበያ ስትገባ እንደማትራገጥ ዋስ ይቆምላታል። በሽተኛ እንደሚድን ዋስ ካላቀረበ ሐኪም አያየውም፤ ሐኪሙም እንደሚያክም ዋስ አለው፤ ለዋሱም ዋስ አለው። ለሰው ዋስ መሆን የሚወድ ግን እንደየትም አገር ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲቸግረው የሚያንኳኳው አንድ ደጃፍ ነው፤ የትርንጎን።

ትርንጎ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ለሌባው ቆማለች፣ ለተሰረቀበትም ቆማለች። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ሲካሰሱ ለሁለቱም ዋስ ሆነች፤ ሁለቱም ተያይዘው ጠፉና በእነሱ የተነሣ ፍየሎቿን ተነጠቀች። እሷ ግን "ታርቀዋል ማለት ነው" ብላ ደስ አላት።

"አንቺ ሴትዮ፣ የሰውን አበሳ የምትሰበስቢው ልታረቢው ነው?" ይላታል ባሏ ሞላልኝ።

"አንተንስ ሳገባህ ማን ዋስ ሆኖልህ ነበር? እኔው ነኝ" ትለዋለች። ፍየሎቹ ከሄዱ በኋላ የቀራቸው ንብረት ከሐይቁ ዳር ያለው የማሽላ ማሳ ብቻ ነበር።

የከተማዋ አዛዥ በየዓመቱ በተሾሙበት ቀን አደባባይ ወጥተው ንግግር ያደርጋሉ። በአንደኛው ዓመት፣ ደመናው ከብዶ ሳለ፣ "እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህች ከተማ ከእኔ በላይ ድምፁን የሚያሰማ የለም" አሉ። ሰማዩ ነጎደ። ሕዝቡም ሳቀ፤ ብዙ አልሳቀም፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን ሁሉም በአንድነት። አዛዡ የሳቀውን እንዳይከሱ የሳቀው ሁሉም ነው። ስለዚህ ሰማዩን ከሰሱ።

ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ጎንጤ ለሕግ የሚሞቱ ሽማግሌ ነበሩ። ተከሳሹ ቢጠራ አልቀረበም። የአዛዡ ጠበቃ "ሸሽቷል" ብሎ ሲያመለክት ዳኛው በመስኮት ብቅ ብለው አዩ።

"እዚያው አለ" አሉ። "ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ሸሽቷል አይባልም። ዋስ ይጥራና ይሰናበት፤ ዋስ ካጣ ይታሰራል።"

እንዴት እንደሚታሰር የጠየቀ አልነበረም። "ለሰማይ ዋስ የሚሆን" ተብሎ ሲጠራ ሰው ሁሉ እጁን ነጠላው ውስጥ ከተተ። ትርንጎ ከኋላ ቆማ ነበር። በመስኮቱ አሻግራ አየች። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ደመና እንኳ አጠገቡ ሳትኖር፣ ዘመድ የሌለው መስሎ ታያት። አንጀቷን በላት። እጇም ተነሣ። ሞላልኝ ክንዷን ይዞ ወደ ታች ሊጎትት ሲታገል ዳኛው አዩት።

"ሁለታችሁም ናችሁ?"

"አይ ጌታዬ፣ እሷ ብቻ ናት" አለና እጁን ቶሎ መለሰ።

ውሳኔው ቀላል ነበር። እስከሚመጣው የሹመት በዓል፣ አዛዡ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ፣ ሰማዩ አንዴ እንኳ ቢያጉረመርም የትርንጎ ማሳ ለአዛዡ ይሆናል። ዝናብ አልተከለከለም። ዳኛው ለፍትሕ የሚጠነቀቁ ሰው ስለነበሩ "መዝነብ መብቱ ነው፤ ድምፁን ግን አያሰማ" ብለው አስገቡበት።

አዛዡ በዋስ ብቻ የሚተማመኑ ሰው አልነበሩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ የክዳን መሥሪያ ቤት ተባለ። ለዚያም ውብእሸት የሚባሉትን ሊቅ ሊቀ ክዳን አድርገው ሾሙ። ሊቀ ክዳን ነጎድጓዱን እንደሚያስቀሩ ዋስ ስላስፈለጋቸው አዛዡ ራሳቸው ዋስ ሆኑላቸው። እኒህ ሰው በእውነት የተማሩ ነበሩ። ስለ ደመና ሲናገሩ ዓይናቸው ይበራል፣ እጃቸው ብቻውን ይሄዳል።

"ነጎድጓድ ከላይ የሚመጣ ይመስላችኋል እንጂ የሚነሣው ከዚህ ከእግራችን ሥር ነው" አሉ ለአዛዡ። "ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይቀልላል፤ የቀለለ ይነሣል። ከሐይቁ የጠጣውን እርጥበት እንደ ተሸከመ ይወጣል። ከፍ ሲል ይበርደዋል፣ እርጥበቱ ደመና ይሆናል። ደመና ሲሆን ደግሞ በሆዱ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል፤ በዚያ ሙቀት እንደገና ይነሣል። እንዲህ እየተነሣ፣ እየተነሣ ውርጭ ካለበት ይደርሳል። እዚያ በረዶ ከበረዶ ጋር ይፋተጋል። መብረቁም ድምፁም የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ…"

"ስለዚህ?" አሉ አዛዡ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ደርሰው።

"ስለዚህ ከመነሻው መያዝ ነው። አየር እንዳይነሣ ማድረግ።"

እስከ "ስለዚህ" ድረስ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር።

ሥራው ተጀመረ። በከተማዋ ያለ የበሬ ቆዳ ሁሉ ተሰብስቦ እርስ በርሱ ተሰፋና አደባባዩ ላይ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ግጦሹ ድረስ ተነጠፈ። ቆዳው ጥቁር እንዲሆን ታዘዘ፤ ጥቁር ነገር ከነጭ ይልቅ ያስፈራል ተብሎ። በላዩም አየር ጫኞች የሚባሉ ሠራተኞች እንዲቀመጡበት ተደረገ። አየር ጫኝ ሥራው መቀመጥ ነው፤ ጠዋት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ጥቁር ቆዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን ግን ከአየር ጫኞቹ መቀመጫ በቀር የተረዳ አልነበረም።

ቆዳው በፀሐይ ብዛት መሰንጠቅ ሲጀምር ውኃ ቀጂዎች ተቀጠሩ። ከሐይቁ እየቀዱ ከማለዳ እስከ ምሽት ቆዳውን ያረጥቡታል፤ ውኃው እንደነካው እንፋሎት ሆኖ ይጠፋል፤ እነሱም እንደገና ይቀዳሉ። በመጨረሻ ደግሞ ሊቀ ክዳን አንድ ስጋት መጣባቸው፤ አየሩ በጎን ሾልኮ ገጠር ወጥቶ ማንም ሳያየው ቢነሣስ? ስለዚህ በአደባባዩ ዙሪያ ሰፋፊ ማራገቢያ የያዙ ሰዎች ቆመው ከየአቅጣጫው ወደ መሀል እንዲያራግቡ ታዘዙ። "አየሩ ዓይናችን ሥር ይሁን" ነበር መመሪያው።

ሙቀት ተገኘ፣ እርጥበት ተገኘ፣ አየሩም ከየአቅጣጫው ተነድቶ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ይህ ሁሉ የተደረገው በትጋት ነው፤ ማንም አልሰነፈም።

በዚያው ሰሞን ከጋራው ማዶ፣ ከበረሃው፣ ደረቅ ትኩስ ነፋስ መጥቶ ከከተማዋ በላይ ተኛ። ከታች የሚነሣው አየር ከዚያ ሲደርስ ከራሱ የሞቀ ያገኛልና ማለፍ ያቅተዋል። እንደ ድስት ክዳን ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትናንሽ ደመናዎች ብቅ ይላሉ፣ ከዚያች ከፍታ ሲደርሱ ጭንቅላታቸው ጠፍጠፍ ይላል፣ ይበተናሉ። ሊቀ ክዳን ይህን የቆዳው ሥራ አድርገው ስለወሰዱት ማታ ማታ ለአዛዡ "ዛሬም አልተነሣም" እያሉ ያስታውቁ ነበር። አዛዡም ደስ ብሏቸው ለአየር ጫኞቹ በሙሉ ኒሻን ሰጡ። ድስት ጥዶ የሚያውቅ ሰው ግን ክዳን እሳት እንደማያጠፋ ያውቃል።

ወሩ ወጣ፣ ሌላው ገባ፣ ዝናብ ጠብ አላለም። ትርንጎ በየጠዋቱ ማሳዋ ዘንድ ትሄዳለች። ማሽላው ጉልበቷ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ቅጠሉ እንደ በረደው ሰው እጅ ተጠቅልሏል። መሬቱ ተሰንጥቆ የእጇን መዳፍ ያስገባል።

"እንግዲህ አስቢው" አላት ሞላልኝ አንድ ቀን። "ሰማዩ ዝም ካለ ማሳው ይደርቃል። ከጮኸ ማሳው ይወሰዳል። እንዲህ ያለ ዋስትና ሰይጣን እንኳ አይገባም።"

"ድምፅ የሌለው ዝናብ የለም እንዴ?"

"አለ። ሌላ አገር።"

ትርንጎ ወደ ላይ አየች። ዋስ የሆነችለትን ሰው ቤቱ ሄዳ መጠየቅ ልማዷ ስለነበር ሰማዩንም ታነጋግረው ጀምራ ነበር። በአንድ ትንፋሽ "አደራህን፣ ዝም በል" ትለውና "አይዞህ፣ ና" ትለዋለች። ሁለቱንም የምትለው ከልቧ ነው። ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹ ደመናዎች ከሐይቁ ዳር ሲነሡ ስታይ በጣቷ እየጠቆመች ትከተላቸዋለች። ዛሬ ከትናንት ከፍ ብላለች፤ ይቺ አንገት አላት፤ ያቺን ተመልከት፣ ልትወጣ ነው። ሲበተኑ ታዝናለች፤ ወዲያው ደግሞ ማሳዋ አንድ ቀን ስለ ተረፈ ታመሰግናለች። በዚህ ዓይነት ከሳች፣ ግን እንደዚያ ሰሞን ሕያው ሆና አላየኋትም።

የበዓሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ከገላ ጋር ይጣበቅ ነበር። ዶሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተዋል። ሰው በሰው ላይ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል። ሁላችንም አንድ ነገር እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አፉን ሞልቶ የተናገረ አልነበረም፤ ለመናገር ዋስ ያስፈልጋልና።

አዛዡ ካባቸውን ደርበው መድረኩ ላይ ወጡ። ሰማዩን ላለማስቆጣት ንግግሩ በሹክሹክታ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ እንደ ተማከርነውም በየመሀሉ መዳፋችንን ሳናማታ እያሻሸን እናጨበጭባለን። ትርንጎና ሞላልኝ ከአደባባዩ ጥግ ቆመዋል። ንግግሩ ሳይሰማ ሊያልቅ ነው፤ ጥቂት ቢቀረው ነው። ያን ጊዜ ቆዳው መሀል ላይ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

መጀመሪያ ያየነው አየር ጫኞቹን ነው። ከእኛ እኩል ተቀምጠው የነበሩት ከእኛ በላይ ሆኑ። አንዱ ጫኝ ወደ ታች አየና ሱሪውን ጨብጦ ያዘ።

"ክብደት ጨምሩ" አሉ ሊቀ ክዳን እየሮጡ። ወፋፍራም ነጋዴዎች ተለምነው ተቀመጡ። ከበሮ መቺዎቹ ከነከበሯቸው ተቀመጡ። አራጋቢዎቹ ደግሞ በድንጋጤ እጥፍ ድርብ አድርገው ወደ መሀል ማራገብ ያዙ፤ አየሩ ከየአቅጣጫው እየመጣ ይጋጫል፣ መሄጃው ሽቅብ ብቻ ነው። ቆዳው ይነፋል፣ ይጮኻል። ሊቀ ክዳን አንድ ቦታ ስፌቱ እንደ ተፈታ ስላወቁ ወስፌና ክር ይዘው፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ ራሳቸው ቆዳው ሥር ገቡ።

ትርንጎ ግን ቆዳውን ትታ ወደ ላይ ታይ ነበር። ከአደባባዩ በላይ አንዲት ደመና ተነሥታ ከትኩሱ ነፋስ ክዳን ደረሰችና ጠፍጠፍ አለች። ሁለተኛዋም በእሷ ቦታ ተነሣች፣ እሷም ተመለሰች። ሦስተኛዋ ሰፊ ነበረች። ከዚያች ከፍታ ስትደርስ አንድ አፍታ ቆም አለች፤ ትርንጎም ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ክዳኑ ተበሳ።

ወራት ሙሉ ታፍኖ የቆየው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ወጣ። ደመናው ቆመን እያየነው ያድጋል። የተነደፈ ጥጥ በተነደፈ ጥጥ ላይ ይፈላል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይወጣል፤ ፀሐይ የመታው ጎኑ ዓይን ያማል፣ ሥሩ ደግሞ ይጠቁራል። አንገታችን እስኪቀጭ ወደ ኋላ አጠፍነው። ጫፉ ከማይደርስበት ሲደርስ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ከተማዋን ከነጋራዋ ጠለላት። ትርንጎ ፈራች፣ ግን ደስታዋ ፍርሃቷን በለጠው። ማሳዬ፣ አለች በልቧ፣ ማሳዬ ሊሄድ ነው፤ እግሯ ግን መሬት ላይ አልቆም አላት። የባሏን እጅ ጨብጣ እንደ ልጅ ትዘል ጀመር።

"ምን ሆነሻል? ማሳችን እኮ ነው" አለ ሞላልኝ።

"እይ ብቻ፣ እይ" አለችው።

ድንገት ከላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ወረደ። ከዝናቡ ቀድሞ የሚወርደው ያ ነፋስ አደባባዩን ሲመታው አቧራው፣ ባርኔጣው፣ ማራገቢያው አንድ ላይ ተነሣ፤ ቆዳው ከነሊቀ ክዳን ተጠቀለለ። ስንት ሰሞን ስንቃጠል የከረምን ሰዎች ብርዱ ሲነካን ሳናስበው "እፎይ" አልን። አዛዡ የመጨረሻዋን ቃል ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱ። መብረቅ ብልጭ አለ። ከዚያ ነጎደ፤ ከጋራው ተነሥቶ፣ በአደባባዩ አልፎ፣ ሐይቁን ተሻግሮ፣ ተመልሶ መጣ። ጥርሳችን ሳይቀር ሰማው።

ዝናቡ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጠ። ትርንጎ ወደ ማሳዋ ሮጠች። ሞላልኝ እየተንሸራተተ ተከተላት። ሲደርሱ ውኃው በስንጥቁ ውስጥ ድምፅ እያሰማ ይገባ ነበር።

"በቃ፣ ሄደ" አለ ሞላልኝ፣ ዝናቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ።

"ይሂድ" አለች ትርንጎ። ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። "ጠጥቶ ይሂድ።"

በማግሥቱ ችሎት ተቀመጠ። ውኃው ገና ስላልጎደለ ዳኛ ጎንጤ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ነበር። የመጀመሪያው ምስክር አንድ አየር ጫኝ ነው፤ ኒሻኑን አድርጓል፣ ጭቃም አለበት።

"ትናንት ነጎድጓድ ሰምተሃል?"

ጫኙ ኒሻኑን በእጁ ሸፈነ። ትዝ ያለው ነገር ነበር። አየር እንደማይነሣ፣ ሰማይ እንደማያጉረመርም እያንዳንዱ ጫኝ ዋስ ጠርቶ ነው የተቀጠረው። የእሱ ዋስ አጎቱ ነው። የአጎቱ ዋስ ነጋዴው ነው። የነጋዴው ዋስ ከበሮ መቺው ነው። ጫኙ ዞር ብሎ ችሎቱን ቢያይ፣ የሞላው ሁሉ የአንዱ ወይም የሌላው ዋስ ነው። ነጎደ ካለ ከተማዋ በሞላ ልትወረስ ነው።

"አልሰማሁም" አለ።

ሁለተኛውም አልሰማም። አራጋቢዎቹ አልሰሙም። እኛ ስንጠየቅ አልሰማንም። አዛዡ በቁጣ ተነሡ፤ ጠበቃቸው ግን ካባቸውን ሳብ አድርጎ አንድ ነገር በጆሯቸው ነገራቸው። ለሊቀ ክዳን ዋስ የሆኑት እሳቸው መሆናቸውን ነው ያስታወሳቸው። አዛዡ ቀስ ብለው ተቀመጡና "ከበሮ ነበር" አሉ።

ዳኛው ፍርዱን ማንበብ ጀመሩ። "ተከሳሹ ሰማይ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ…" ሲሉ ውጭ ነጎደ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ወለሉን አየን። ዳኛው ጣታቸውን ያቆሙበት መስመር ላይ አድርገው እስኪያልፍ ጠበቁ። ካለፈ በኋላ "…ዝም ብሏል" ብለው ቀጠሉ።

ለሥርዓቱ ዋሲቷ ብቻ ቀረች። ትርንጎ ተነሣች። አንድ ቃል ብትናገር ማሳዋ ይድናል፤ ሞላልኝ ያቺን ቃል በከንፈሩ እያሳያት ነበር።

"ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።"

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ማሳሽን ነው እኮ የምትሰጪው።"

"አውቃለሁ። ግን ዋሱ ነኝ። ሁሉም ሲክደው እኔም ልካደው? ጮኋል። ትናንትም ጮኋል፣ አሁንም ጮኋል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አልሰማሁም ብል ጆሮዬ ይታዘበኛል።"

ዳኛ ጎንጤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ "ዋሲቷ ከሕዝብ ሁሉ ተለይታ ያልነበረ ድምፅ ትሰማለች" አሉ። "እንዲህ ያለ ጆሮ ያላት ሰው ቃል አይያዝም። ነጎድጓድ ስላልነበረ ማሳው አይነካም። እሷ ግን ጆሮዋ እስኪድን ድረስ ለማንም ዋስ እንዳትሆን።" ሞላልኝ ከዚህ የሚበልጥ ፍርድ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም፤ ጭቃው ላይ ተደፍቶ ምድር ሳመ።

ማሽላው አንገቱን ቀና አደረገ። በመንገድ ላይ ሰዎች ትርንጎን ሲያገኟት ጆሮዋን አይተው ያልፋሉ፤ ቆም ብሎ የሚያነጋግራት ጠፋ። በዚህ ከፋት። ደጇ የሚያንኳኳ ሰው ያጣችው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ዳር ሊቀ ክዳን መጡ። ቆዳው ከነበረው እጥፍ እንዲሆን በታዘዘ ሰሞን ነው። ብዙ ቆሙ፤ ስለ ማሽላው ጠየቁ፤ ስለ ሞላልኝ ጤና ጠየቁ።

"እትዬ ትርንጎ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ ያን ቀን ቆዳው ሥር ነበርኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ እሱ ሳነብ ነው የኖርኩት። ሲመጣ አላየሁትም።"

ትርንጎ አዘነችላቸው። ድንበሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠቻቸው። "ከየት ልጀምርልዎት?"

"ከታች። ሲነሣ።"

ሁለት እጇን ከመሬት አንሥታ ነገረቻቸው፤ እንዴት እንደ ተበተነ፣ እንዴት እንደ ተመለሰ፣ ሦስተኛዋ ቆም ስትል ትንፋሿን እንደ ያዘች። ሊቀ ክዳን አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ብልጭታው ላይ ስትደርስ ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

"እስቲ ድምፁን" አሏት በሹክሹክታ።

ትርንጎ ተነሥታ እግሯን ተከለች፣ ደረቷን ሞላችና በሙሉ ድምፅዋ ነጎደች። ከማሽላው ውስጥ ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ።

ከተማው ውስጥ የነበርነው አልሰማንም።